ዴስክቶፕን ከኦፕሬቲንግ ሲስተም ለይቶ ስለ መጫን

አንድ ኮምፒዩተር አረጀ ተብሎ ከትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ከመውጣቱ በፊት ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የደከመው ማሽኑ ነው ወይስ የከበደው በላዩ የተጫነው ዴስክቶፕ ነው የሚለው ነው። ዩኒክስን በሚመስሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች፣ ለምሳሌም በደቢያን፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መስኮቶቹ፣ የፕሮግራም ዝርዝሩና የፋይል ማሳያው በሥርዓቱ ላይ የሚደረቡ፣ ሲያስፈልግም የሚለወጡ ፕሮግራሞች ናቸው።

ይህ አሠራር ከታሪኩ የመነጨ ነው። ዩኒክስ በ1969 (እ.ኤ.አ.) በቤል ላቦራቶሪዎች ሲጀመር ተጠቃሚው ማሽኑን ያዝዝ የነበረው በጽሑፍ ብቻ ነበር። በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም ሥዕልን በስክሪን የማሳየትንና የማውዝን እንቅስቃሴ የመቀበልን ተግባር ያዘ፤ የመስኮቶቹን መልክና አያያዝ ግን ለሌሎች ፕሮግራሞች ተወ። ኤክስኤፍሲኢና ኬዲኢ በ1996፣ ግኖም በ1997 የተጀመሩት ይህንኑ ክፍት ቦታ ለመሙላት ነው።

ደቢያን በሚጫንበት ጊዜ ወደ መጨረሻው ገደማ የሶፍትዌር ምርጫ ገጽ ይቀርባል። በዚያ ገጽ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት የሚገኘው ግኖም ነው። ብዙ ጫኚዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ይህንን ገጽ ሲሆን የማሽኑ ዕጣ በአመዛኙ የሚወሰነው ግን እዚሁ ላይ ነው። የደቢያን 12 የመጫኛ መመሪያ ለዴስክቶፕ ቢያንስ 1 ጊጋባይት፣ ቢቻል 2 ጊጋባይት ራም እንዲኖር ያሳስባል። 2 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ግኖም ከተጫነ ጥቂት ፕሮግራሞች እንደተከፈቱ መጓተት ይጀምራል፤ ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ ከተጫነበት ግን ለጽሕፈትና ለስሌት ሠንጠረዥ ትምህርት ይበቃል።

ምንም ዴስክቶፕ ሳይመረጥ ከታለፈ ማሽኑ ሲነሣ የሚታየው ስም የሚጠይቅ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም ለማስተማር የተሻለው መነሻ ነው። ሠልጣኙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ገብቶ በመጀመሪያ የጥቅሎችን ዝርዝር ያድሳል፤ ቀጥሎ ኤክስኤፍሲኢን፣ የመግቢያውን ገጽ ከሚያቀርበው ከላይትዲኤም ጋር፣ በኤፒቲ ትእዛዝ ይጭናል። ኤፒቲ ኤክስን ጨምሮ ዴስክቶፑ የሚደገፍባቸውን ጥቅሎች ራሱ ለይቶ ያመጣል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ጥቁሩ ስክሪን በመግቢያ ገጽ ይተካል። ሠልጣኙም የትኛው ንብርብር በየትኛው ላይ እንደቆመ በዓይኑ ያያል፤ በሰሌዳ ላይ ከሚሣል ንድፍ ይልቅ ይህ ይገባዋል።

የኢንተርኔት መስመር ደካማ በሆነበት ትምህርት ቤት በአነስተኛው የኔትወርክ መጫኛ ፋንታ የዲቪዲውን ቅጂ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ለሁሉም ማሽን መጠቀም ይሻላል፤ አለበለዚያ ያው ጥቅል በየማሽኑ እንደገና ይወርዳል።

ዴስክቶፑ ከተጫነ በኋላ የአማርኛ ጉዳይ ይቀራል። ፊደሉን ለማሳየት አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ፣ ለመጻፍ ደግሞ አይባስ ከኤም17ኤን ጥቅሉ ጋር መጫን አለባቸው። ይህ ከተዘለለ ተማሪው በራሱ ቋንቋ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም።

ለዕቅድ ባለሙያዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። በነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ደቢያን 13 ለባለ 32 ቢት ማሽኖች መጫኛ የለውም። ስለዚህ በንብረት ቆጠራ ጊዜ ከራሙ መጠን ጎን የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑ፣ አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።