ሰባት ክለብና አንድ ዋንጫ

የእግር ኳስ ጨዋታ በዛሬው ዘመን የልጆች መጫወቻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማቸውን የሚያውለበልቡበት፥ ሕዝብም ስለ አገሩ ክብር የሚደሰትበትና የሚያዝንበት ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ሰፊ መሬትና ብዙ ሕዝብ ያላቸው አገሮች ክለቦቻቸውን በየደረጃው ከፍለው በየዓመቱ ያወዳድራሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱን የአገር አሸናፊ ብለው ይሰይማሉ። ሕዝቧ ከአንድ መካከለኛ ከተማ ሕዝብ የማይበልጥ አገር ግን ይህን ሥርዓት እንዴት አድርጋ ታቆመዋለች? ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ስለ ኳስ ብቻ ሳይሆን ስለ አገር ስም የሚያሳስብ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን በኤውሮጳ የሚገኙት ሊክተንስታይንና ሳን ማሪኖ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን ለአንባቢ እናስታውቃለን።

ሊክተንስታይን በስዊስና በኦስትሪያ መካከል፥ በራይን ወንዝ ዳር ያለች፥ ልዑል የሚገዛት አገር ናት። ስፋቷ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ይህ የአዲስ አበባን ከተማ ሢሶ እንኳ አይሞላም። ሕዝቧም 40 ሺህ ያህል ነው። የእግር ኳስ ማኅበሯ በ1934 ዓ.ም. ተመሠረተ። በማኅበሩ ውስጥ ያሉት ክለቦች ሰባት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቫዱዝ፥ ባልዘርስ፥ ኤሸን ማውረን፥ ትሪዘን፥ ትሪዘንበርግ፥ ሻንና ሩገል ይባላሉ። አንድ ሊግ በኤውሮጳ ማኅበር ዘንድ እንዲታወቅ ግን ቢያንስ ስምንት ክለብ ሊኖረው ይገባል። እንግዲህ ከቍጥሩ የጐደለው አንድ ክለብ ብቻ ነው ማለት ነው። በወረቀት ላይ ቢሆን ስምንተኛውን ክለብ ማቋቋም የአንድ ቀን ሥራ ነበር። አስቸጋሪው ነገር፥ እነዚያው ስምንት ቡድኖች ከዓመት እስከ ዓመት እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋጠሙ ብርቱው እየሰለቸ፥ ደካማውም ተስፋ እየቈረጠ መሄዱ ነው። ስለዚህ ሰባቱም ክለቦች ከስዊስ ሊግ ገብተው፥ እያንዳንዱ እንደ ኃይሉ በሚገባው ደረጃ ይጫወታል።

ለአገሪቱ የቀረላት የራሷ ውድድር ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው የዋንጫ ጨዋታ ነው። ለዚሁም ሰባቱ ክለቦች ስለማይበቁ፥ ተጠባባቂ ቡድኖቻቸውም ተጨምረው ዕጣ ይወጣላቸዋል። ይህ ዋንጫ ትንሽ ቢመስልም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አሸናፊው በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ወደ ኤውሮጳ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር እንዲገባ ስለ ተፈቀደለት፥ የኤውሮጳ በር የሚከፈተው በዚሁ ቁልፍ ሆነ።

ታዲያ ቁልፉን ይዞ የሚኖረው ማን ነው? ቫዱዝ ነው። ይህ የዋና ከተማው ክለብ ዋንጫውን 50 ጊዜ ያህል ወስዷል። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ለሌላ ሳያቀምስ በተከታታይ አሸነፈ፤ በ2012 ዓ.ም. ኤሸን ማውረን ቢነጥቀውም በሚከተለው ዓመት መልሶ ወሰደው። በስዊስ ሊግም ቢሆን በ2008፥ በ2014ና በ2020 ዓ.ም. እስከ ላይኛው ደረጃ ወጥቶ ከታላላቆቹ የባዝልና የዙሪክ ክለቦች ጋራ ተጋጥሟል፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሶ መውረዱ አልቀረለትም። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የተጠራው በ2022 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በስዊስ ሁለተኛ ደረጃ ይጫወት የነበረው ቫዱዝ፥ በኦስትሪያ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ብዙ ጊዜ የሊግ አሸናፊ የሆነውን የቪየናውን ራፒድን ገጠመ። በሜዳው 1 ለ 1 ከወጣ በኋላ ቪየና ድረስ ሄዶ 1 ለ 0 አሸነፈና ከኮንፈረንስ ሊግ ምድብ ገባ። ከሊክተንስታይን ወገን እስከዚያ የደረሰ ሌላ ክለብ ከቶ አልነበረም።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ዋጋው ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። ቫዱዝ በስዊስ ሊግ እንግዳ ነው። የስዊስን ዋንጫ አይወዳደርም፤ ቢቻለው እንኳ በስዊስ ስም ወደ ኤውሮጳ መሄድ አይችልም። በሰው ቤት ከማዕድ ተቀምጦ፥ ከምግቡ እየበላ፥ ርስቱን ግን የማይወርስ ሰው ይመስላል። ደግሞም በስዊስ ደረጃ ለመቆም ደመወዝተኛ ተጫዋች መቅጠር ግድ ሆኖበት፥ ብዙዎቹን ከስዊስና ከኦስትሪያ ያመጣል። እንግዲህ በቪየና የተገኘው ድል የሊክተንስታይን ስም የተጠራበት ቢሆንም፥ የሊክተንስታይን ልጆች እግር የሠራው ሥራ ግን በከፊል ብቻ ነው። ሌሎቹ ስድስቱ ክለቦች ከታችኞቹ ደረጃዎች ተቀምጠው፥ አንዱ ጎረቤታቸው በየዓመቱ የአገሩን ዋንጫ ሲያነሣ ያያሉ።

አሁን ወደ ሳን ማሪኖ እንሻገር። ይህች ሪፑብሊክ በአራቱም ማዕዘን በኢጣልያ የተከበበች ስትሆን፥ ስፋቷ 61 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ሕዝቧም 34 ሺህ ያህል ነው፤ ከሊክተንስታይን ታንሳለች ማለት ነው። የእግር ኳስ ማኅበሯ የቆመው በ1931 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1985 ዓ.ም. የራሷን ሊግ አቋቋመች። ዛሬ በዚህ ሊግ የሚጫወቱት 16 ቡድኖች ናቸው። ክለቦቹ የየራሳቸው ሜዳ ስለሌላቸው፥ በአገሩ ካሉት ጥቂት ሜዳዎች ጨዋታው በየትኛው እንደሚሆን የሚደለድለው ማኅበሩ ነው። ተጫዋቾቹ በብዛት ቀን በሥራቸው ወይም በትምህርታቸው ውለው፥ ማታ ልምምድ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። የሊጉ አሸናፊ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤውሮጳ የሻምፒዮኖች ሊግ ማጣሪያ ይገባል። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ሙራታ የሚባለው ክለብ፥ በ1994 ዓ.ም. ከብራዚል ጋራ የዓለምን ዋንጫ ያነሣውን አልዳይርን አሰልፎ ነበር፤ የቀድሞ የዓለም አሸናፊ ከሠራተኞችና ከተማሪዎች ጋራ ኳስ ሲቀባበል ማየት ደስ የሚያሰኝ ትዕይንት እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ድሉ ግን ቶሎ አልመጣም። ከሳን ማሪኖ ክለቦች በኤውሮጳ ውድድር መጀመሪያ ያሸነፈው ትሬ ፔኔ ሲሆን፥ ይህም በ2013 ዓ.ም. የአርሜንያውን ሺራክን 1 ለ 0 በረታ ጊዜ ነው።

በብሔራዊ ቡድን በኩል ያየን እንደ ሆነ፥ ለብዙ ዘመን ሊክተንስታይን ከፍ ብላ ትታይ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ከፖርቱጋል ጋራ 2 ለ 2 ወጥታ፥ ሉክሰምቡርግን በሜዳዋ 4 ለ 0 አሸንፋለች፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አይስላንድን 3 ለ 0 ረትታለች። ሳን ማሪኖ ግን በዚያው በ2004 ዓ.ም. ሊክተንስታይንን በወዳጅነት ጨዋታ 1 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ፥ 20 ዓመት ሙሉ ሌላ ድል አላየችም። የጎረቤት ሊግ ይሻላል የሚሉ ሰዎች ይህን እየጠቀሱ ቢከራከሩ አይፈረድባቸውም ነበር።

በ2024 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች በኔሽንስ ሊግ ከአንድ ምድብ ገቡ። በመስከረም ወር በሴራቫሌ ሜዳ፥ ገና 19 ዓመት የሆነው ኒኮ ሴንሶሊ ባገባው ግብ ሳን ማሪኖ 1 ለ 0 አሸነፈች። ይህ በወግ ባለው ውድድር የመጀመሪያ ድሏ ነበር። በኅዳር ወር ደግሞ ቫዱዝ ድረስ ሄዳ፥ አንድ ግብ ከተቈጠረባት በኋላ ሦስት አግብታ 3 ለ 1 ረታች፤ ምድቡንም በአንደኝነት ጨርሳ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች።

በሁለት ጨዋታ የ40 ዓመት ሥርዓት አይመዘንም፤ የሳን ማሪኖም ሊግ ከስዊስ ሊግ ይበልጣል የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ እኛ እንደሚመስለን፥ የአገር ሊግ ጥቅሙ በጨዋታው ጥራት ብቻ የሚለካ አይደለም። የሳን ማሪኖ ልጅ ከትንሽ መንደር ክለብ ቢሆንም፥ በሚቀጥለው ዓመት የአገሬ አሸናፊ እሆናለሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የትሪዘንበርግ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ማዕረግ በአገሩ ስለሌለ ሊያስበው እንኳ አይችልም። ዌልስ በ1992 ዓ.ም. የራሷን ሊግ ስታቋቁም፥ ካርዲፍንና ስዋንዚን የመሳሰሉ ታላላቅ ክለቦቿን በእንግሊዝ ሊግ እንደ ነበሩ ትታ፥ ሌሎቹን በአገር ውስጥ ማወዳደሯ ይህንኑ አስባ ይመስለናል።

ሊክተንስታይን ይህን የዌልስን መንገድ እንዳትከተል የክለቦቿ ቍጥር ማነስ ያግዳት ይሆናል። በእጇ ያለውን ዋንጫ ግን ማሻሻል ትችላለች። ለዋንጫው በሚደረገው ጨዋታ እያንዳንዱ ክለብ ከሚያሰልፋቸው 11 ተጫዋቾች መካከል የአገሩ ተወላጆች ስንት መሆን እንዳለባቸው ማኅበሩ ቍርጥ ያለ ደንብ ቢያወጣ፥ ቫዱዝም በስዊስ ሊግ የሚያሰልፈውን የደመወዝተኛ ቡድኑን ለዚያው ለሊጉ ቢተወው፥ ኤሸን ማውረንና ባልዘርስ ለዋንጫው ጨዋታ ወደ ራይን ፓርክ ስታዲዮም የሚመጡት ከአሁኑ በተለየ ልብ ይሆናል።