ሕፃንና ውሻ በአንድ መኪና

በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ሥራ ተሰጥቶት ከደሴ ወደ ቦረና የሚጓዝ ወጣት ሠራተኛ፣ ባለትዳር ከሆነ፣ ብቻውን አይሄድም። ሚስቱ አለች፤ ጡት ያልተወ ልጅ አለ፤ ግቢ የሚጠብቅ ውሻም አለ። ፍራሹ፣ ጀሪካኑ፣ ምድጃውና የመጻሕፍቱ ካርቶን ሲታከልበት መኪናው ቤት ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ቤት ባለበት ይቆማል፤ መኪና ይሮጣል፤ የሚሮጥም ነገር ድንገት የሚቆምበት ጊዜ አለ። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚያች ቅጽበት ነው።

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ደጋ አቋርጦ፣ በአቀስታም አልፎ መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርዱ የታወቀ ነው፤ ጉም የወረደ እንደ ሆነ ከመኪናው ፊት የቆመ በግ እንኳ አይታይም። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ለሚቀጥል ደግሞ መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ይወርድና ወደ ምሥራቅ ጎጃም ይሻገራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ሕፃን የያዘ ሰው መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳይጠይቅ ባይነሣ መልካም ነው። ከዚህ በቀር ተሳፋሪው ሁሉ አጥብቆ የሚፈራው ገደሉን ነው። መፈራቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሕፃንን ለመጉዳት ገደል አያስፈልግም፤ በደልዳላው ሜዳ ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር መጋጨት ይበቃል።

ሒሳቡን የፊዚክስ ተማሪ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግጭቱ መኪናውን በአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ ውስጥ ቢያቆመው፣ 7 ኪሎ የሚመዝነውን ሕፃን ይዞ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጉልበት 100 ኪሎ ለማንሣት ከሚያስፈልገው ጋር የተስተካከለ ነው። ይኸውም አንድ ኩንታል ጤፍ መሆኑ ነው። በተቀመጠችበት አንድ ኩንታል በክንዷ የምታስቀር እናት አትገኝም፤ የፍቅሯ ብርታት እዚህ ላይ አይረዳትም። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። ከኋላ ወንበር በሰላም ተኝቶ የነበረው እንስሳ ሳያስበው በነጂው ማጅራት ላይ፣ ወይም በሕፃኑ ላይ ይወረወራል። ይህ ፍጥነት ከ10 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ያለው ፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጋቢና አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በአገራችን ልጅ የታቀፈች ሴት ወደ መኪና ስትመጣ፣ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ «እርስዎ እዚህ ይቀመጡ» ይላታል። ረዳቱም ያጸድቀዋል፤ ሌላውም ተሳፋሪ ደስ ይለዋል። ልማዱ ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ እናከብረዋለን። ነገር ግን ለታቀፈ ሕፃን ከመኪናው ሁሉ የከፋው ቦታ ይኸው የክብር ቦታ ነው። ፊት ለፊቱ መስተዋትና ብረት አለ፤ በአዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ በግጭት ጊዜ ከዐይን ጥቅሻ ፈጥኖ የሚነፋ የአየር ከረጢት አለ። ከረጢቱ የተሠራው ለትልቅ ሰው ደረት ስለሆነ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ክብሩን ሳንተው ቦታውን ብንለውጠው ምን ይጎዳናል? «እርስዎ መካከለኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እኔ ጋቢና እሄዳለሁ» ማለትም ያው ትሕትና ነው።

መድኀኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ትከሻንና ወገብን በአንድነት የሚይዘውን ቀበቶ የቮልቮ መሐንዲስ የነበረው ስዊድናዊው ኒልስ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ሠራ። የአገሩ ልጅ ቤርቲል አልድማን ደግሞ ወደ ጠፈር የሚወነጨፉ ሰዎች ግፊቱን በጀርባቸው እንደሚቀበሉ ተመልክቶ፣ ሕፃን ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የሚቀመጥበትን ወንበር አሰበ፤ የመጀመሪያውም ናሙና እ.ኤ.አ. በ1964 ተፈተነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፤ አንገቱ ግን ለጋ ነው። ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ቢጋጭ ራሱ አንገቱን ጎትቶ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ዞሮ ከሆነ ግን ግፊቱን ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው በአንድነት በወንበሩ ላይ ይቀበሉታል።

ስለዚህ የራሱ መኪና ያለው ወይም የመሥሪያ ቤት መኪና የተፈቀደለት ሰው ወንበሩን ገዝቶ ከኋላ፣ በመኪናው ቀበቶ አጥብቆ ይሰረው። ያገለገለ ወንበር የሚገዛ፣ ከዚህ በፊት ግጭት ያየ አለመሆኑን አጥብቆ ይጠይቅ። ለብርዱ ሲባል ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ በላዩ ማሰር ግን ስሕተት ነው፤ በግጭት ጊዜ ጋቢው ይታመቅና ቀበቶው ይላላል። መጀመሪያ በስስ ልብስ ማሰር፣ ጋቢውን በኋላ ከላይ ማልበስ ነው፤ ፊቱንም ሳይሸፍኑ።

በሕዝብ ማመላለሻ ለሚሄዱ ብዙዎች ይህ ወንበር እንደ ሩቅ አገር ወሬ እንደሚሰማ እናውቃለን። ለእነርሱ የሚሆነው ምክር ጎደሎ ነው፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። እናቲቱ ከበር ርቃ በመካከለኛው ረድፍ ትቀመጥ፤ ቀበቶ ካለ እርስዋ ትታጠቅ። ሕፃኑን ግን ከራሷ ጋር በአንድ ቀበቶ ውስጥ አታስገባው፤ የእርስዋ ክብደት ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋልና። በጀርባዋ በአንቀልባ እንዳዘለችው ወንበር ላይ መደገፍም እንዲሁ ነው። ከኋላዋ የተከመረው ጀሪካንና ሳጥን መታሰሩንም አባትየው ከመሳፈሩ በፊት በእጁ ነክቶ ያረጋግጥ።

ወደ ውሻው እንመለስ። ብዙ ጊዜ የምናየው በፒክ አፕ ጭነት ላይ በአንገቱ በገመድ ታስሮ ሲሄድ ነው። ከዚህ የባሰ አሠራር የለም፤ መኪናው ሲዞር ዘልሎ የወጣ እንደ ሆነ በገመዱ ተሰቅሎ ይሞታል። ደኅናው መንገድ ቆሞ ሊዞርበት የሚችል የጣውላ ሣጥን ለአናጢ ማሠራት፣ ለአየር መግቢያ ክፍተት መተውና ሣጥኑን ከመኪናው ጋር ማሰር ነው። ይህ ካልተቻለ፣ አንገቱን ሳይሆን ደረቱን በሚያቅፍ ሰፊ ጠፍር ከቀበቶው ጋር አሳጥሮ ማሰር ነው፤ ሕፃኑን እንዳይደርስበት አድርጎ። «ውሻችን የዋህ ነው» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። የዋህ ውሻም በጠመዝማዛ መንገድ ሆዱ ሲታወክና ሕፃን በጆሮው ሲጮኽበት ጠባዩ ይለወጣል። ሁለቱን በመኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻቸውን መተው አይገባም።

በሕዝብ መኪና ውስጥ ውሻ ማስገባት ደግሞ የጨዋነትም ጉዳይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚሳፈሩት ብዙዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ ለሶላት አይሆንላቸውም። አብሮ የሚጓዝን ሰው ከማስቀየም ሌላ ማጓጓዣ መፈለግ ይሻላል።

መስኮት ስለ መክፈት የሚነሣውን የቆየ ክርክር እዚህ አንጨርሰውም። ይህን ግን እንናገር፦ በደጋ ቀዝቃዛ አየር የተታለለ ሰው ሕፃኑን ወይም ውሻውን በተዘጋ መኪና ትቶ ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ የውጭው አየር 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ፀሐያማ ቀን በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ 47 ዲግሪ ደርሷል። አብዛኛውም የሚጨምረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ከደጋው ወደ ቆላ ሲወረድ ሕፃን የሚያለቅሰው ጆሮው ስለሚደፈንበት ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ ያስከፍተዋልና፣ መኪናውን አቁሞ ጡት መስጠት ነው። በየሁለት ሰዓቱ መቆሙ ለውሻውም ለነጂውም ይበጃል።

በመጨረሻ የምናነሣው ከጉዞው በፊት የሚሠራ ነገር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኀኒት የለውም ለማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ አብደዋል ተብለው በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት መቶ ሰዎች 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጣል። ቦረና ደግሞ ሌላ አደራ አለባት። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ቢሆኑ ነው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች በወብ ሸለቆ ከውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማውን ጨረሰ። ከከተማ በመኪና የመጣ አንድ ያልተከተበ ውሻ በጓሳው ውስጥ ሲፈነጭ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል። ክትባቱ ኀይል እስኪያገኝ ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ፣ ውሻው ወደ እንስሳት ክሊኒክ መሄድ ያለበት መኪና በሚጫንበት ዋዜማ ሳይሆን፣ የዝውውሩ ደብዳቤ በደረሰበት ሳምንት ነው።