ደም ስለ መስጠት በየቤቱ የሚነገረውና እውነቱ

ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊው ደቅ ነው። በደቅ የምትኖር አንዲት እመጫት ልጇን በሰላም ከተገላገለች በኋላ ደሟ አልቆም ቢል፣ ቤተ ሰቧ በመጀመሪያ የሚያስበው ጀልባ ስለ ማግኘት ነው። ጀልባው ቢገኝ፣ ማዕበሉም ቢፈቅድ፣ ባሕር ዳር ለመድረስ ሰዓታት ያስፈልጋሉ። ከወሊድ በኋላ ብርቱ የደም መፍሰስ የደረሰባት ሴት ደግሞ እርዳታ ካላገኘች በ2 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በዓለምም ሆነ በአገራችን በወሊድ ምክንያት ለሚሞቱ እናቶች ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነው። ይህች እናት በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት ሳለች ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ብትደርስ፣ ከዚያ በኋላ መዳኗ እጅግ የሚመካው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከእርሷ ጋር የሚስማማ ደም በማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጦ በመገኘቱ ነው።

አስቀድሞ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባልና ወንድም፣ ጎረቤትም ሳይቀር በሆስፒታሉ ደጅ ተሰብስቦ «የእኔን ውሰዱ» ቢል፣ ከክንዱ የወጣው ደም እንደ ወጣ ለታማሚዋ አይሰጥም። በመጀመሪያ ዓይነቱ ይለያል፤ ቀጥሎ ኤች አይ ቪ፣ ቢ እና ሲ የተባሉት የጉበት በሽታዎች፣ ቂጥኝም እንዳይኖሩበት ይመረመራል፤ በመጨረሻም ከታማሚዋ ደም ጋር መስማማቱ ይረጋገጣል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንዲትን እናት የሚያድናት ደም ባለፈው ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት የማያውቃት ሰው የሰጠው ደም ነው።

የእኛ ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ሆኖ ቆይቷል። የደም ባንክን ሥራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ያቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ለብዙ ዘመን ከደከመበት በኋላ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ቀድሞ አብዛኛው ደም የሚገኘው ሰው የታመመባቸው ቤተ ሰቦች በምትኩ ከሚሰጡት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በፈቃደኞች ላይ እንዲመሠረት ተደርጓል። በባሕር ዳርም የደም ባንክ አለ። ይሁን እንጂ ከፈቃደኞቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ስለ ሆኑ፣ ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ ለጋሹ ይቀንሳል፤ ዝናሙ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ሲመጡ ደግሞ በፎገራና በደንቢያ ረግረግ ወባ ይነሣል። በጽኑ ወባ ደሙ ያለቀበት ሕፃን ደም የሚያስፈልገው በዚያው ወራት ነው። የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች በዚህ ነገር ውስጥ ቢገቡበት ኖሮ ጉድለቱ ይህን ያህል ባልሆነም ነበር።

እንዳይገቡ የሚያደርጋቸው ምንድር ነው? ሰነፎች ወይም ጨካኞች ሆነው አይደለም። በየቤቱ ሲነገሩ የኖሩ ቃላት ናቸው የሚይዟቸው።

ከሁሉ የሚበዛው «ደም የሰጠ ሰው ይከሳል፣ ጉልበቱም አይመለስም» የሚለው ነው። የጎልማሳ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ከለጋሽ የሚወሰደው ቢበዛ 450 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከጠቅላላው ከአሥር አንድ እጅ የማይሞላ ነው። ፈሳሹ ክፍል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀዩ የደም ሕዋስ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል፤ የብረት ማዕድኑ ግን ዘግየት ስለሚል 3 ወር ሳይሞላ ዳግመኛ አይወሰድም። የሚያስገርመው ነገር፣ ይህን ቃል አጥብቀው የሚናገሩት አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ራሳቸውን ባመማቸው ጊዜ ዋግምት ያስተክሉ የነበሩ መሆናቸው ነው። በዋግምት የፈሰሰው ደም ለማንም ሳይጠቅም ይደፋል፤ ምላጩም ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር በሽታ ያጋባል። በደም ባንክ ግን መርፌው ለአንድ ሰው ብቻ ተከፍቶ ወዲያው ይጣላል፤ ስለዚህ ለጋሹ ደም በመስጠቱ የሚይዘው በሽታ የለም። አንዳንዶችም «አንድ ጊዜ የጀመረ ካልቀጠለ ይታመማል» ይላሉ። ይህም ሐሰት ነው፤ አንድ ጊዜ ሰጥቶ የተወ ሰው ምንም አይሆንም።

ሁለተኛው ቃል «የምሰጠው ለወገኔ ብቻ ነው፤ የሥጋ ዘመድ ደም ይሻላል» የሚለው ነው። በቋንቋችን ደም ማለት አንድም ዝምድና ነው፣ አንድም ቂም ነው፤ ለማያውቁት ሰው ደምን መስጠት እንግዳ ነገር ቢመስለን አያስደንቅም። ነገር ግን ካርል ላንድሽታይነር የተባለው የኦስትሪያ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የሰው ደም በዓይነቱ ይለያያል እንጂ በዘር ሐረግ አይለያይም። አባትና ልጅ የማይስማማ ደም ሊኖራቸው ይችላል፤ የደቅ ገበሬና የአዲስ አበባ ነጋዴ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲያውም የቅርብ ዘመድ ደም አልፎ አልፎ የተለየ ጉዳት ስለሚያስከትል ሐኪሞች ይጠነቀቁበታል። «ደሙን ይሸጡታል» የሚለውም ሐሜት አለ፤ ለጋሹ ግን ዋጋ አይቀበልም።

ሃይማኖትን የሚነካው ጥያቄ ግን በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ከደም መራቅ የታዘዘው ስለ መብል ነው፤ ለታመመ ሰው በደም ሥሩ የሚገባ ደም መብል አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተሰብስበው ደም ሲሰጡ የምናየውም ስለዚህ ነው። ሥጋ ወደሙ በተቀበሉበት ዕለት ግን ከሰውነት ደም እንዳይፈስ መጠንቀቅ የቆየ ሥርዐታችን ስለ ሆነ፣ ለመስጠት ሌላ ቀን መምረጥ ይገባል፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲኖር የንስሓ አባትን መጠየቅ ነው።

በጾም ወራትስ? ጾም ደም መስጠትን አይከለክልም፤ በባዶ ሆድ መስጠት ግን ራስን ያዞራል። ስለዚህ ጿሚው ሰዓቱን ጠብቆ ከተመገበና ውኃ ከጠጣ በኋላ ከሰዓት በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል። የጾም ማዕዳችን ለደም የሚጠቅም ነው፤ ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ብረት አላቸው፤ ሎሚ ሲጨመርበት ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያግዱታል። ይህን ስንጽፍ የዘጌ ሰዎች እንዳይቀየሙን እንፈራለን፤ ቡናውን ተዉት አላልንም፣ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ማለታችን ነው።

ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይሰጡም። በቅርቡ ወባ የታመመ ወይም ዋግምት ያስተከለ ሰው ለነርሷ መንገር አለበት፤ ማፈር አያስፈልግም። አስቀድሞ የደሙ ብርታት በጣት ጠብታ ይታያል፤ ደሙ የሚቀዳው ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ነው። ከዚያ ጥቂት አርፎ የሚጠጣ ነገር ቀምሶ ይሄዳል፤ በዚያን ዕለት ከባድ ሸክም ባይሸከም፣ ታንኳም ባይቀዝፍ ይሻለዋል።

የተቀዳው ቀይ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው፤ ደምን የሚያረጋው ክፍል ተለይቶ ሲወጣ ከ5 ቀን አያልፍም። በጥምቀት ሰሞን የተሰጠ ደም ለፋሲካ አይደርስም። በጥር 11 የሰጠ ሰው ግን በሚያዝያ 11 ተመልሶ ሊሰጥ ይችላል።