ሰው ስንት ሽፋን አለው? የሕንድ ዮጋ ትምህርትና የአንኮበር ክርክር

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀምጠው ሸዋን ሲገዙ (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ካህናቱን የከፋፈለ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ጽንስ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነፍሱ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ታውቃለች ባዮቹ፣ ነፍስ ገና ሳትወለድ ትጾማለች፣ ትጸልያለች እስከማለት ደርሰዋል። ክርክሩን በ1839 እ.ኤ.አ. አንኮበር የገባው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ክራፕፍና በ1841 እ.ኤ.አ. የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ጽፈውታል።

ከዚህ ክርክር ሥር አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሰው ከምንና ከምን ነው? የሚያውቀውስ የትኛው ክፍሉ ነው? የሕንድ ጠቢባንም ይህንኑ ጠይቀዋል።

የእነርሱ መልስ የሚገኘው ታይቲሪያ ኡፓኒሻድ በተባለው ጥንታዊ የሳንስክሪት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ሰው አንዱ ባንዱ ውስጥ ያሉ አምስት ደረጃዎች እንዳሉት ያስተምራል፤ የኋላ ሊቃውንት አምስቱን ኮሻ፣ ማለትም ሽፋን ብለዋቸዋል። የመጀመሪያው አናማያ ከእህል የተሠራው ሥጋ ነው፤ ከእህል ይገኛል፣ በእህል ይኖራል፣ መጨረሻም ወደ እህል ይመለሳል። ሁለተኛው ፕራናማያ፣ ሥጋን የሚያንቀሳቅሰው እስትንፋስና የሕይወት ኃይል ነው። ሦስተኛው ማኖማያ የስሜት፣ የፍላጎትና የሐሳብ ደረጃ ነው። አራተኛው ቪጅናናማያ ክፉና ደጉን የሚለይ፣ የሚወስን ማስተዋል ነው። አምስተኛው አናንዳማያ ደስታ ነው፤ ሊቃውንቱ ሕልም ከሌለበት ከባድ እንቅልፍ ጋር ያያይዙታል።

እነዚህ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረቡ አይደሉም። ውሃ እርጥብ አፈርን እንደሚሞላው የውስጠኛው የውጭውን ይሞላዋል፤ እስትንፋስ ከሥጋ ሲለይ ሥጋ የሚፈርሰው ለዚህ ነው። መጽሐፉ ትምህርቱን በታሪክም ይነግራል። ብሪጉ የሚባል ልጅ አባቱን ቫሩናን የሁሉ መሠረት ምን እንደሆነ ይጠይቀዋል። አባቱ መልሱን አይሰጠውም፤ ተጋድሎ አድርገህ ድረስበት ይለዋል። ልጁ መጀመሪያ እህል ነው ብሎ ይመለሳል፣ ቀጥሎ እስትንፋስ፣ ከዚያ ሐሳብ፣ ከዚያ ማስተዋል፣ በመጨረሻ ደስታ ይላል። እስከ መጨረሻው መልስ ድረስ አባቱ በየጊዜው ወደ ተጋድሎው ይመልሰዋል።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረው ሕንዳዊ ፈላስፋ ሻንካራ ደግሞ አምስቱም የሰው እውነተኛ ማንነት አይደሉም ይላል። ማንነቱ ከአምስቱ ባሻገር ያለው አትማን ነው፤ እርሱም ከሁሉ መሠረት ከብራህማን ጋር አንድ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው ሌላው ፈላስፋ ማድቫ ግን ነፍስና አምላክ ለዘለዓለም ይለያያሉ ሲል ተቃውሞታል። ስለዚህ «ሂንዱዎች እንዲህ ያምናሉ» ብሎ በአንድ ቃል መደምደም አይቻልም።

ዮጋ ከዚህ ጋር እንዴት ተገናኘ? የዮጋ ጥንታዊ መጽሐፍ የሆነው የፓታንጃሊ ዮጋ ሱትራ አምስቱን ሽፋኖች አይዘረዝርም። የኋላ መምህራን ግን አሠራሩን ከሽፋኖቹ ጋር አዛመዱት፦ የአካል አቋቋም ለሥጋ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ ለእስትንፋስ፣ ሐሳብን መሰብሰብ ለአእምሮ። ዛሬ ብዙ ሰው ዮጋ ሲባል የሚያስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የእኛ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ደግሞ ሰውን በሰባት ባሕርያት ይተነትኑታል። አራቱ የሥጋ ናቸው፦ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፦ ልብ፣ ቃልና ሕይወት፤ ወይም ለባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት። እነዚህ ሦስቱ በሰው ላይ ያሉ የሥላሴ ምሳሌ ተደርገው ይታያሉ። ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት ስለ ተሠራ፣ ነፍስ ስትለይ ወደ እነርሱ ይመለሳል ይባላል።

የሕንዶቹን ደረጃዎች የሚመስለውስ በእኛ ዘንድ የት ነው? በመነኮሳት ትምህርት ነው። መናኝ ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከዚያ ወደ ንጽሐ ልቡና ይወጣል፤ በነዚህ ሦስት ስር ዐሥር ማዕረጋት አሉ። የመጀመሪያው ማዕረግ ጽማዌ ነው፤ አንደበትን መቆጣጠርና ዝምታ ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች ከሥጋ ጀምረው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ሁለቱም ተጋድሎ ይጠይቃሉ።

ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። በሻንካራ ትምህርት ሽፋኖቹ ማንነትን የሚሸፍኑ ናቸው፤ ሰው እነርሱን አልፎ ከአምላክ ጋር አንድ መሆኑን ያውቃል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ነፍስ የተፈጠረች ናት፤ ፈጣሪዋን ታያለች እንጂ እርሱን አትሆንም። ሥጋም ተጥሎ የሚቀር ልብስ አይደለም፤ በትንሣኤ ከነፍስ ጋር ይነሣል። ሰባቱ ባሕርያት የሰውን አፈጣጠር ይናገራሉ፣ አምስቱ ሽፋኖች ግን ሰው ራሱን የሚፈልግበትን መንገድ ያሳያሉ።

እንግዲህ ዮጋ የሚማር ሰው አካል ማፍታታቱንና ትምህርተ ሃይማኖቱን ለይቶ ይጠይቅ። የሕንዱንና የእኛን ትምህርት «አንድ ናቸው» የሚልም፣ የሕንዱን ሳያነብ «ከንቱ ነው» የሚልም ሁለቱንም አላወቃቸውም።