የቀላል ጭነት መኪና ሹፌሮች የሥራ ሰዓትና ሎግቡክ በአሜሪካ

በአሜሪካ ከግዛት ወደ ግዛት የንግድ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር የሥራ ሰዓቱ በፌዴራል ሕግ የተገደበ ነው። ገደቡ የሚጀምረው ደግሞ ከባለ 18 ጎማው ከባድ መኪና ሳይሆን ከ10,001 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4,536 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሲዲኤል የሚባለው ልዩ መንጃ ፈቃድ በአብዛኛው የሚጠየቀው ከ26,001 ፓውንድ ጀምሮ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉ የቦክስ ትራክ ሹፌሮች፣ በፒክአፕ ተጎታች የሚስቡትም ጭምር፣ በተራ መንጃ ፈቃድ እየነዱ የሰዓቱ ሕግ ግን ይመለከታቸዋል። በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ሕጉን የሚያውቁት መንገድ ላይ ሲያዙ መሆኑ ያሳዝናል።

ክብደቱ የሚታየው በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ምልክት ነው። ፋብሪካው መኪናው እስከነጭነቱ ሊመዝን ይችላል ያለው ከፍተኛ ክብደት ስለሚቆጠር፣ ባዶ መሄድ ከሕጉ አያወጣም። ተጎታች ካለም የሁለቱ ይደመራል፦ 9,900 ፓውንድ የተጻፈበት ፒክአፕ 7,000 የተጻፈበት ተጎታች ሲስብ 16,900 ሆነ ማለት ነው።

ሹፌሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ማረፍ አለበት። ከዚያ በኋላ መንዳት የሚችለው 11 ሰዓት ሲሆን፣ ይህንንም ሥራ በጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ይኖርበታል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 14 ሰዓቱ አንዴ ከተነሳ ለምሳም ሆነ ለወረፋ አይቆምም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ የጀመረ ሹፌር መኪናውን ፈትሾ፣ መጋዘን ደጃፍ ወረፋ ጠብቆና ጭኖ ሲወጣ 4 ሰዓት ቢሆን፣ የቀረው 10 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ የግድ 30 ደቂቃ ከመንዳት መቆም ስላለበት ደግሞ የሚነዳው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሞላ፣ ቤቱ ግማሽ ሰዓት ቢቀረው እንኳ ጭነቱን ይዞ መንዳት አይፈቀድለትም። መጋዘኑ ያባከነው ጊዜ ከሹፌሩ ገቢ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው፤ ሕጉ ድካምን ሲያይ የጥበቃ ሰዓትን የከፋዩ ዕዳ አለማድረጉ ትልቅ ጉድለቱ ነው።

በዚህ ላይ የሳምንት ገደብ አለ፦ በ7 ቀን 60 ሰዓት፣ ወይም ድርጅቱ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ በ8 ቀን 70 ሰዓት። 34 ሰዓት ሳያቋርጥ ያረፈ ሹፌር ቆጠራውን ከዜሮ መጀመር ይችላል። እረፍትን ከፍሎ መውሰድ የሚቻለው ግን በሕጉ መለኪያ የተሠራ መኝታ ላለው መኪና ነው፤ የፒክአፕ የኋላ ወንበር መኝታ አይባልም።

ሎግቡክ ይህን ሁሉ የሚያሳይ የ24 ሰዓት ሰንጠረዥ ነው። አራት መስመሮች አሉት፦ ከሥራ ውጭ፣ መኝታ ላይ፣ መንዳት፣ ሳይነዱ ሥራ ላይ መሆን። ነዳጅ መቅዳት፣ መጫንና ማራገፍ አራተኛው ላይ ይሰፍራሉ። ሹፌሩ የዕለቱንና ያለፉትን 7 ቀናት መዝገብ ይዞ ይጓዛል፤ ድርጅቱም 6 ወር ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ለአብዛኞቹ ወረቀቱን የተካው ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ኢኤልዲ የተባለ የኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ከ8 ቀን በላይ ሎግ መሙላት የማይጠበቅበት ወይም ሞተሩ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ መኪና የሚነዳ ሹፌር ግን በወረቀት መቀጠል ይችላል።

ለቀላል መኪና ሹፌር ትልቁ እፎይታ የአጭር ርቀት ፈቃድ ነው። ሲዲኤል የማያስፈልገውን መኪና ከመነሻው በ150 የአየር ማይል ክልል ውስጥ፣ ማለትም በ172 የየብስ ማይል ገደማ፣ እየነዳ በየቀኑ ወደ መነሻው የሚመለስ ሹፌር ሎግ አይሞላም፤ የ30 ደቂቃውም እረፍት አይመለከተውም። ከ7 ቀን በሁለቱ እስከ 16ኛው ሰዓት መንዳትም ይችላል። የ11 ሰዓቱ ገደብ ግን አይነሳለትም፤ ድርጅቱም የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መዝግቦ 6 ወር መያዝ አለበት።

ፍተሻ ላይ ፖሊስ ሎጉን ከነዳጅ ደረሰኝና ከጭነት ሰነድ ጋር ያስተያያል። ሰዓቱን ያሳለፈ ሹፌር የሚገባውን እረፍት እስኪጨርስ እዚያው እንዲቆም ይደረጋል።

ከአንድ ግዛት ለማይወጣ ጭነት ግዛቶች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ 12 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳሉ። ሆኖም የሚታየው የጭነቱ ጉዞ እንጂ የመኪናው አይደለም። ከሌላ ግዛት በባቡር የመጣን ዕቃ እዚያው ከተማ ውስጥ ለተቀባዩ የሚያደርስ ሹፌርም በፌዴራሉ ሕግ ሥር ሊወድቅ ይችላል።