ያገለገለ መኪና በኦንላይን ጨረታ፦ ደላላው ቀረ ማለት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሸጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩን አይረሳውም። ደላላ ይደውላል፣ «ገዢ ይዣለሁ» ይላል። ገዢው ይመጣል፣ ኮፈን ይከፈታል፣ ቦዲው በጣት ይንኳኳል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ከዚያ «እስቲ አስቤበት ልደውል» ተብሎ ይኬዳል። በሳምንቱ ሌላ ደላላ ሌላ ሰው ያመጣል።

በዚህ መሃል መኪናው ቆሟል። ባትሪው ይደክማል፣ የመሸጫ ቦታው ኪራይ ግን አይቆምም። ነጋዴው በብድር የገዛው ከሆነ ደግሞ ወለድ አለ።

ብዙዎች ፎቶ ወደ ቴሌግራምና ፌስቡክ የወሰዱት ለዚህ ነው። ግን አንድ ነገር እንለይ። ፎቶ ለጥፎ ስልክ ቁጥር መጻፍ ማስታወቂያ ነው እንጂ ጨረታ አይደለም። ጨረታ ማለት የመዝጊያ ሰዓት አለው፣ ሌላው ስንት እንዳቀረበ ይታያል፣ ያሸነፈ ሰውም የመግዛት ግዴታ አለበት።

ነገሩ ለኛ አዲስ አይደለም። ባንኮች ብድር ያልተከፈለባቸውን መኪኖች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በሐራጅ ሲሸጡ ኖረዋል። ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ የመነሻ ዋጋ ይጻፋል፣ ተጫራቹ ሲፒኦ አሲዞ ይቀርባል፤ አብዛኛውን ጊዜ የመነሻውን ሩብ። አሁን የሚባለው ይህንኑ ስልክ ላይ ማምጣት ነው።

ሌላው ዓለም ቀድሞናል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኮፓርት የተጎዱና ያገለገሉ መኪኖችን በግቢው ሰው ሰብስቦ ያጫርት ነበር፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ጨረታውን በሙሉ ወደ ኢንተርኔት አዞረው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ኦክኔት የሚባል ድርጅት ገና በ1985 እ.ኤ.አ. ነጋዴዎች ቢሯቸው ቁጭ ብለው በስክሪን እያዩ መኪና እንዲጫረቱ ማድረግ ጀመረ።

ጥያቄው እዚህ ጋ ይመጣል። ሰው ያልነካውን፣ ያልነዳውን መኪና እንዴት አምኖ ይገዛል?

የጃፓኖቹ መልስ ቀላል ነው። መኪናውን የሚመረምረው ሻጩ አይደለም፣ የጨረታው ቤት መርማሪ ነው። ውጤቱ አንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ የመኪናው ሥዕል ላይ ጭረቱ የት እንዳለ፣ የተሰረጎደው የት እንደሆነ በፊደል ምልክት ይደረጋል። ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና «አር» የሚል ምልክት ያገኛል። እዚህ ግን ሻጩ ራሱ «ሞተር ያልተነካ፣ ቀለም ኦሪጅናል» ብሎ ይጽፋል፣ በቃ። ከውጭ መጥታ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረች ቪትዝ ሥራዋ በደንብ ተሠርቶ ይሁን በችኮላ ከፎቶ አይታይም። ስለዚህ ገለልተኛ ምርመራ የሌለው ጨረታ ዞሮ ዞሮ የለመድነው ማስታወቂያ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። አንድ ሻጭ ያሪስ ለጨረታ አወጣ እንበል። መነሻው 1,500,000 ብር ነው። ሻጩ በልቡ «ከ1,750,000 በታች አልሸጥም» ብሏል፤ ይህችን ዝቅተኛ ዋጋ ለአጫራቹ አስቀድሞ ያስመዘግባል። ገዢ ሀ እስከ 1,900,000 ድረስ ለመሄድ ሲስተሙን አዘዘ። ገዢ ለ ጣሪያው 1,820,000 ነው። ጭማሪው በ10,000 ከሆነ ሀ በ1,830,000 ያሸንፋል። ጣሪያውን በሙሉ አይከፍልም፣ ተፎካካሪውን የሚበልጥበትን ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰው በመጨረሻዋ ሰከንድ ገብቶ እንዳይነጥቅ ደግሞ ጥሩ ጨረታ አዲስ ዋጋ ሲገባ ሰዓቱን ጥቂት ደቂቃ ያራዝማል።

ሻጩ ምን ያገኛል? ጊዜ። አንድ መኪና 3 ወር አቁሞ 50 ሺህ ብር ከማትረፍ፣ በዚያው 3 ወር 3 መኪና እያዞረ በእያንዳንዱ 30 ሺህ ቢያተርፍ 90 ሺህ ነው። ጉዳቱም አለ። ተጫራች 2 ወይም 3 ሰው ብቻ ከሆነ ዋጋ አይወጣም። ዝቅተኛ ዋጋ ሳያስመዘግብ የገባ ሻጭ መኪናውን በርካሽ አስረክቦ ሊቀር ይችላል።

አሁን ደግሞ ለገዢ ወሳኙ ነገር። ጨረታ ማሸነፍና የመኪና ባለቤት መሆን ይለያያሉ። በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ ዕውቅና አለው፤ ስም ግን በስልክ አይዞርም። የሽያጭ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ይጸድቃል፣ መኪናው ዕዳና እግድ እንደሌለበት ይጣራል፣ ከዚያ ትራንስፖርት ቢሮ ስም ይዞራል።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚቃጠለው። መኪናው 2 እና 3 ሰው ጋ በውክልና ብቻ ሲዞር የቆየ ይሆናል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ ጋር አይገናኝም። ውክልና የሰጠው ሰው ከሞተ ደግሞ በሕጉ ውክልናው በመርህ ይቀራል፤ ገዢው መኪናውን ይዞ ከወራሾች ጋር ሊጋጭ ነው። ስንት ዓመት የቆጠበውን፣ ወይም ወንድሙ ከዓረብ አገር የላከለትን ብር የከፈለ ሰው ይህን መስማት ያለበት ከከፈለ በኋላ አይደለም።

ነገሩ አሁን የከበደበት ምክንያትም አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ተናገረ። ስለዚህ የቤንዚን መኪና የፈለገ ሰው ዓይኑ አገር ውስጥ ባለው ላይ ነው። ያው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል ማለት ነው።

ታዲያ ከመጫረታችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ።

አንደኛ፣ መኪናውን በራሳችሁ መካኒክ አሳዩ። «ማየት አይቻልም» የሚል ካለ ተዉት።

ሁለተኛ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የሻጩን መታወቂያም እዩ።

ሦስተኛ፣ ማስያዣ የምትከፍሉት ለማን እንደሆነ እወቁ። በግለሰብ አካውንት «ቀብድ ቶሎ ላክ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ከተባላችሁ ቁሙ። ስትሸነፉ ማስያዣው በስንት ቀን እንደሚመለስ በጽሑፍ ይኑር።

አራተኛ፣ ጣሪያችሁን ቀድማችሁ ወስኑ። ሻጩ የራሱን ሰው አስገብቶ ዋጋ ሊያስጨምር ይችላል። ጣሪያ ያለው ሰው ግን ከአቅሙ በላይ አይጎተትም።

ደላላውስ? እኛ እንደምናየው አይጠፋም። መኪናውን የሚያሳይ፣ ከሩቅ ያለ ገዢን ወክሎ የሚመረምር፣ ወረቀት የሚጨርስ ሰው ያስፈልጋል። የሚጠፋው ዋጋውን ለሻጭ ሌላ፣ ለገዢ ሌላ እየነገረ በመሃል የሚበላው ነው። ሁሉም የሚያየው ዋጋ ባለበት ያ ሥራ ቦታ የለውም። በሐቅ የሚሠራው ደላላ ግን ስሙን ይዞ ወደ አዲሱ ገበያ መሻገር ይችላል፤ ከአሁኑ ቢጀምር ይሻለዋል።

መኪና ሊገዛ ብር እያጠራቀመ ያለ ሰው ካላችሁ ይህን ላኩለት። ቀብድ ከመላኩ በፊት ቢያነበው ነው የሚጠቅመው።