በፌስቡክ ለቅሶ ስንደርስ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ታስታውሳላችሁ። ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት ተሰብስቦ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ለወገናቸው ሊደርሱ የመጡ ነበሩ።

ሰዎች በእጃቸው ጭቃ ሲምሱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በፌስቡክና በቴሌግራም ተሰራጩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ሲያውጅ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ በየስልኩ ሐዘን ተቀምጦ ነበር።

አንዳንዶች ይህን «የስልክ እንባ» ብለው ይንቁታል። እኔ ግን አልንቀውም። በባህላችን ለቅሶ ይደረሳል፤ ሳይደርሱ መቅረት ያስነውራል። ድንኳኑ ድረስ መሄድ የማይችል ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ቢጽፍ ምን ክፋት አለው?

ችግሩ ሌላ ነው። ድንኳን ውስጥ የሐዘንተኛውን ፊት እያየን ስለምንቀመጥ አንደበታችንን እንገታለን፤ በስልክ ግን ፊቱ አይታየንም። ስለዚህ አስከሬን የሚታይበትን ፎቶ እንለጥፋለን። ወንድሙን የሚፈልግ ሰው መርዶውን ከዚያ ፎቶ ቢሰማስ?

በእኛ በወንጌል አማኞች ዘንድ ደግሞ የተለየ ፈተና አለ። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሲጽፍ ከሥሩ ክርክር እንከፍታለን። ለሞተ ሰው እንደማንጸልይ የታወቀ ነው፤ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ በዚህ የሚከራከር ማን ነው? «የኃጢአት ቅጣት ነው» የሚሉ ደግሞ ሉቃስ 13ን ያንብቡ። ጌታ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር ይህንኑ አስተሳሰብ ውድቅ አድርጓል። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፤ ጥፋታቸው የጀመረው ማብራሪያ መስጠት ሲጀምሩ ነው።

ሻማው ከገጻችን በቀናት ውስጥ ይነሣል። በዚያን ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ከ15,000 በላይ ሰዎች ከአደጋው ስጋት መነሣት እንዳለባቸው አስታውቆ ነበር፤ ይህ በሦስት ቀን የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ከአካባቢው የሆነ ሰው በጉባኤያችሁ ካለ ከወር በኋላም ደውሉለት። ገንዘብ ስትልኩ የባንክ ሂሳቡ የማን እንደሆነ አጣሩ። የሟቹን ስም ጠይቁና ሐዘንተኛው ስለ እርሱ ሲያወራ አዳምጡ።